የብረት መብራት ምሰሶዎ ከመውደቁ በፊት እግሩን ይመርምሩ

በግቢዎ ወይም በመኪና ማቆሚያዎ የብረት መብራት ምሰሶ ካለ፣ አምፖሉን ብቻ ሳይሆን የምሰሶውን እግር በየዓመቱ፣ ቢቻል ክረምቱ እንደወጣ፣ ቢመረምሩ መልካም ነው፤ ነፋስ የሚፈጥረው ጫና ከሁሉ በላይ የሚበረታው እዚያ ሲሆን ውሃና ጭቃ የሚጠራቀመውም እዚያው ነውና። በዙሪያው የተከመረውን አፈር አስወግደው ብረቱን በትንሽ መዶሻ እየመቱ ያዳምጡ፤ ጥርት ያለው ድምፅ በአንድ ቦታ ከታፈነ ወይም ብረቱ ከተሰረጎደ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዝገት ሳይበላው አልቀረም። (በጃፓኗ ሱዙካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የትራፊክ መብራት ምሰሶ ከሥሩ ተሰብሮ ሲወድቅ፣ ፖሊስ በምክንያትነት የጠረጠረው ለዓመታት የተጠራቀመ የውሻ ሽንትን ነበር።)

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የውስጡ ውሃ ነው። ከምሰሶው ሥር ባለው ጠፍጣፋ ብረትና በኮንክሪቱ መካከል ያለው ክፍተት ለውበት ሲባል ዙሪያውን በሲሚንቶ ከተደፈነ፣ በምሰሶው ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሊተውለት ይገባል።

የላላ ዳዶ ካለ ይጥበቅ። በብየዳው ጠርዝ ወይም ሽቦውን ለመድረስ በምሰሶው ጎን በተተወው ክዳን ያለው ቀዳዳ ማዕዘን ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ከታየ ግን ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል፣ በላዩ ላይ ደርቦ ከመበየድ ይልቅ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ አካባቢውን መከለል ይበጃል። ምሰሶው ላልተሰላበት ትልቅ ባነርም ማሰሪያ አይሁን፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።