አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ኤፍቲ8 አልሰራ አለኝ፦ ችግርና መፍትሄ

በኤፍቲ8፣ ማለትም አማተር ሬዲዮኞች በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት በሚለዋወጡበት ዘዴ፣ የሚያገናኘውን ፕሮግራም ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስን አፕዴት አደረጋችሁ። ፕሮግራሙ በደንብ ተከፈተ። ግን ስክሪኑ ላይ አንድም የጥሪ ምልክት (የጣቢያ መለያ ስም) አይወጣም፤ ወይ ደግሞ ሬዲዮው ለኮምፒውተሩ አልታዘዝ አለ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አዲሱን ቨርዥን ይወቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ እላለሁ። ቀጥሎ ድምፁን፣ ከዚያ ፖርቱን። ፕሮግራሙን መጠርጠር የመጨረሻው ነው።

ኤፍቲ8ን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ስቲቭ ፍራንክና ጆ ቴይለር ናቸው። ቴይለር በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። አንድ መልእክት 77 ቢት ብቻ ነው። 12.64 ሰከንድ ይፈጃል፤ 50 ኸርዝ ስፋት ይበቃዋል። ከጫጫታው በ21 ዲቢ ግድም ያነሰን፣ ጆሮ ጨርሶ የማይለየውን ምልክት ሳይቀር ያነባል። ይህን የሚችለው ግን ሁሉም ጣቢያ በየ15 ሰከንዱ በአንድ ሰዓት ሲነሳ ነው።

ዋተርፎሉ ላይ መስመሮቹ ይታያሉ፣ የሚነበብ ግን የለም

ዋተርፎል የሚገባውን ድምፅ በመስመር የሚያሳየው መስኮት ነው። መስመር ካለ ምልክቱ ኮምፒውተሩ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ገመዱን አትነካኩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሰዓት ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ከትክክለኛው ከአንድ ሰከንድ በላይ እንዳይርቅ። ትንሽ ካለፈ የሚነበበው ይቀንሳል፣ ብዙ ካለፈ ጭራሽ ይጠፋል።

ጥቂት ጣቢያ እንኳን እየተነበበ ከሆነ ማስረጃው ፊታችሁ ነው፤ ዲቲ የሚለውን፣ የሰዓት ልዩነቱን በሰከንድ የሚያሳየውን ዓምድ ተመልከቱ። አንድ ጣቢያ ብቻ 1.4 ካሳየ የእሱ ሰዓት ነው የተዛባው። ሁሉም 1.2፣ 1.4፣ 1.3 እያሉ ከተሰለፉ ግን የእናንተ ነው። ቁጥሮቹ ፖዘቲቭ ከሆኑ ሰዓታችሁ ቀድሟል፣ ኔጋቲቭ ከሆኑ ዘግይቷል። ጤናማ ሲሆን አብዛኞቹ ዜሮ አካባቢ ናቸው።

ዊንዶውስ ሰዓቱን በራሱ ያስተካክላል፤ ግን አልፎ አልፎ ነው፣ ያ አይበቃም። ለጊዜው የሰዓት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አሁኑኑ እንዲያስተካክል እዘዙት። ለዘለቄታው እንደ ማይንበርግ ኤንቲፒ ያለ፣ ሰዓቱን በኢንተርኔት ሁልጊዜ የሚያስተካክል ፕሮግራም ጫኑ። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ የዩኤስቢ ጂፒኤስ ያን ሥራ ይሠራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ቀን የሚመለስ ዴስክቶፕ ካላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ አልቃለች፤ ቀይሯት።

እኛ አገር አንድ የተደበቀ ችግር አለ። ኮምፒውተሩን በሀበሻ ሰዓት የሚሞላ ሰው አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ስክሪኑም 2፡00 እንዲል ማለት ነው። ኤፍቲ8 የሚያየው ሰከንዱን ስለሆነ ንባቡ ምንም አይሆንም። ሎጉ (የግንኙነት መዝገቡ) ግን በ6 ሰዓት ተዛብቶ ይመዘገባል። ሎትደብሊው በሚባለው የግንኙነት ማረጋገጫ ድረ ገጽ ላይ ግንኙነት የሚጸድቀው የሁለቱ ጣቢያዎች ሰዓት በ30 ደቂቃ ውስጥ ሲገጥም ነው፤ ስለዚህ ማረጋገጫ አይመጣም። ከኢትዮጵያ አየር ላይ የሚወጣ ጣቢያ ጥቂት ነው። አምስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን፣ ለማግኘት ሰው ከሩቅ አገር ይጠብቃል። ያን ያህል የተጠበቀ ግንኙነት በሰዓት አሞላል መቅረቱ በጣም ያሳዝነኛል። ዞኑን ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ በሚለው፣ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) ሲደመር 3 ላይ አድርጉት። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ 15፡00፣ ፕሮግራሙ ደግሞ በዩቲሲ 12፡00 ካሉ ልክ ናችሁ።

ሰዓቱ ልክ ሆኖም ካልተነበበ የሬዲዮውን ሞድ እዩ። በ7.074 ሜጋኸርዝ ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። በዚያ ባንድ ለንግግር የምንጠቀመው የታችኛውን ሳይድባንድ (ሬዲዮው ላይ LSB የሚለውን) ነው፤ ኤፍቲ8 ግን በሁሉም ባንድ የላይኛውን (USB የሚለውን) ይፈልጋል። በታችኛው ከሆናችሁ ድምፁ ይገለበጣል፤ መስመሩ ይታያል እንጂ አይነበብም።

ዋተርፎሉ ባዶ ነው

እዚህ ጋ ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ አልገባም። ብዙ ጊዜ አፕዴት የተደረገው ዊንዶውስ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ፕራይቬሲ ውስጥ ማይክሮፎን የሚለውን ክፈቱና የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች እንዲጠቀሙበት ፍቀዱ። ማክም ተመሳሳይ ፈቃድ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የፕሮግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ኦዲዮ የሚለውን ግቡ። የሬዲዮው ድምፅ ካርድ ትናንት "ዩኤስቢ ኦዲዮ ኮዴክ" ይባል ነበር፤ ሌላ ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ስትሰኩት ዊንዶውስ ፊቱ ላይ "2" ጨምሮ እንደ አዲስ ዕቃ ይቆጥረዋል። ፕሮግራሙ የድሮውን ስም ይዞ ይጠብቃል። እንደገና ምረጡት። ጸጥ ባለ ባንድ ላይ የድምፁ መለኪያ 30 ዲቢ ገደማ ቢቆም ጥሩ ነው። ደግሞም ይህን ካርድ የዊንዶውስ ዋና ድምፅ አታድርጉት፤ የኢሜይል መግቢያ ደወላችሁ አየር ላይ ይወጣል።

"ሪግ ፌይለር" የሚል ቀይ መልእክት

ሪግ ማለት ሬዲዮው ነው። ፕሮግራሙ ሬዲዮውን የሚያዘው ሃምሊብ በሚባል ላይብረሪ ነው። መልእክቱ የሚመጣው ሃምሊብ መልስ ሲያጣ ነው። ሬዲዮው መብራቱን አረጋግጡ። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኮም ፖርቱን (ትእዛዙ ወደ ሬዲዮው የሚያልፍበትን በር) ቁጥር እዩ፤ ከተቀየረ ሴቲንጉ ላይም ቀይሩት። እንደ ያኤሱ ኤፍቲ-991ኤ ያሉ ሬዲዮዎች ሁለት ፖርት ያሳያሉ፤ ለትእዛዝ የሚሆነው "ኤንሃንስድ" የሚለው ነው። የባውድ ፍጥነቱ (የመረጃ መላኪያ ፍጥነቱ) ሬዲዮው ሜኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። አንድን ፖርት ሁለት ፕሮግራም በአንዴ መያዝ አይችልም፤ የሎግ ፕሮግራማችሁ ክፍት ከሆነ ዝጉት። ሊነክስ ላይ ከሆናችሁ ስማችሁ "ዳያልአውት" ቡድን ውስጥ መኖሩን እዩ። "ቴስት ካት" የሚለው ቁልፍ አረንጓዴ ከሆነ በዚህ በኩል ጨርሳችኋል።

ሁሉንም እሰማለሁ፣ የሚመልስልኝ ግን የለም

ሬዲዮው ላይ የኤኤልሲ መርፌውን፣ የሚገባው ድምፅ ሲበዛ የሚነሳውን፣ እዩ። ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ድምፁ በዝቶ ምልክታችሁ ተበላሽቷል፤ ጎረቤት ጣቢያዎችንም ትረብሻላችሁ። በስተቀኝ ያለውን የፓወር ማንሸራተቻ መርፌው ሊነቃነቅ ሲል እስኪቆም ዝቅ አድርጉት። "ስፕሊት" የሚለውን "ሪግ" ወይም "ፌክ ኢት" ላይ አድርጉ፤ የምትልኩት ድምፅ ከ1500 እስከ 2000 ኸርዝ ውስጥ ስለሚቆይ ንጹህ ይሆናል።

መላክ ስትጀምሩ ዩኤስቢው የሚቋረጥ፣ ወይም ሬዲዮው መላኩን የማያቆም ከሆነ፣ የአንቴናው ኃይል ገመዱ ውስጥ እየገባ ነው። ፓወሩን ወደ 5 ዋት አውርዱ። ችግሩ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኝቷል። የዩኤስቢ ገመዱን አሳጥሩ፣ በሁለቱም ጫፍ ፌራይት (የሬዲዮ ኃይልን የሚያግድ ቀለበት) አድርጉበት።

በእርግጥ ጥፋቱ የቨርዥኑ ከሆነ

ይህም ያጋጥማል። በታኅሣሥ 2018 የወጣው 2.0 የመልእክቱን አሠራር ስለቀየረ በ1.9 ላይ የቀሩት ከአዲሶቹ ጋር መነጋገር አልቻሉም። ዛሬም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ 1.9 ካለ መፍትሄው አፕዴት ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት የለውጡን ዝርዝር አንብቡ። ሁለት ቨርዥኖች በተለያየ ፎልደር ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፤ አሮጌውን አታጥፉት። ሴቲንጉና ሎጉ ያሉበትን የአፕዳታ ፎልደር፣ በተለይ "ደብሊውኤስጄቲኤክስ_ሎግ" የሚለውን ፋይል፣ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። አዲሱ ካስቸገረ የድሮውን ከፍታችሁ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ባንድ ሞክሩ። የድሮው እያነበበ አዲሱ ካላነበበ ለአዘጋጆቹ ሪፖርት አድርጉ። የቨርዥኑን ቁጥር፣ የሬዲዮውን ሞዴልና የወጣውን መልእክት እንዳለ ጻፉላቸው።