በዲጂታል ካርታ ላይ የቦታ ዝምድናን መለየት፦ የቦርከና ወንዝ ዳርቻ ቤቶች ምሳሌ

በኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝ በ30 ሜትር ርቀት ውስጥ የሚገኙ ቤቶችን በኪውጂአይኤስ (የዲጂታል ካርታ ሶፍትዌር) ለመለየት የሚፈልግ ሰው ሶፍትዌሩ «ወንዝ ዳር» ማለት ምን እንደሆነ እንደማያውቅ ማሰብ አለበት፤ ርቀቱ በቁጥር፣ ዝምድናው ደግሞ በስም ሊነገረው ይገባል።

በመጀመሪያ ሌየሮቹ (የወንዙ፣ የቤቶቹና የመሳሰሉት የካርታ ንብርብሮች) ሁሉ በሜትር ወደሚለካ ፕሮጀክሽን (ክብ ምድርን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማሳያ ስልት) ይቀየሩ፤ ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚስማማው ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን የተባለው ፕሮጀክሽን ነው። ሌየሩ በዲግሪ እንዳለ 30 ብሎ በፈር (በአንድ ነገር ዙሪያ በተወሰነ ርቀት የሚከለል ቀጠና) የሚያሠራ ሰው፣ ቁጥሩ እንደ ዲግሪ ስለሚወሰድ፣ ከናይጄሪያ እስከ ዓረብ ባሕር የሚዘረጋ «የወንዝ ዳርቻ» ያገኛል፤ ይህ ስህተት ግን ወዲያው ስለሚታይ ብዙም አያሳስብም። ይበልጥ የሚያሳስበው አዲንዳን በተባለው ዳተም (የቦታ ልኬት መነሻ) የተዘጋጀን የቆየ ካርታ ሳይቀይሩ ከጂፒኤስ መረጃ ጋር መደረብ ነው፤ ልዩነቱ ከ100 ሜትር በላይ ስለሆነ የ30 ሜትሩን ጥያቄ ትርጉም ያሳጣዋል።

ቀጥሎ በወንዙ ዙሪያ የ30 ሜትር በፈር ይሠራል። ወንዙ በአንድ መስመር ብቻ ከተሳለ ልኬቱ የሚጀምረው ከመሃሉ እንጂ ከዳርቻው ስላልሆነ፣ ወንዙ ሰፋ በሚልበት ቦታ ሁለቱን ዳርቻዎች ተከትሎ በፖሊጎን (በዝግ ቅርጽ) መሳል ይሻላል።

ከዚያ «ሰሌክት ባይ ሎኬሽን» በሚለው መሣሪያ ቤቶቹ ይመረጣሉ። እዚህ ላይ የሚመረጠው ዝምድና መልሱን ይወስናል። «ዊዚን» ሙሉ በሙሉ በበፈሩ ውስጥ ያረፉትን ቤቶች ብቻ ሲመርጥ፣ «ኢንተርሴክት» በአንድ ጥግ እንኳ የነኩትን ይጨምራል። ጥያቄው የጎርፍ ስጋት ከሆነ «ኢንተርሴክት» ይመረጣል፤ ግማሹ ለጎርፍ የተጋለጠን ቤት ከዝርዝር ማውጣት አይገባምና።

የተመረጡትን ቤቶች በየቀበሌው ለመቁጠር ሲታሰብ ግን «ኢንተርሴክት» ችግር ያመጣል፤ በሁለት ቀበሌዎች ወሰን ላይ የተቀመጠ ቤት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ በ«ዊዚን» ደግሞ ከሁለቱም ይቀራል። መፍትሔው እያንዳንዱን ቤት በፖሊጎኑ ውስጥ በሚያርፍ አንድ ነጥብ ወክሎ ነጥቦቹን መቁጠር ነው። የቀበሌዎቹ ወሰኖችም ስናፒንግ (አዲስ ነጥብን ካለው ነጥብ ወይም መስመር ጋር የሚያጣብቀው ቅንብር) ተከፍቶ ካልተሳሉ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ወይም መደራረብ ይፈጠርና ቆጠራው መልሶ ይዛባል።

በመጨረሻም በቦርከና ላይ ያለ ድልድይ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ወንዙን «ያቋርጣል» ቢባልም አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች መሆኑ በቅርጹ አይታወቅም። ስለዚህ በኦፕንስትሪትማፕ (ሰዎች በጋራ በሚሠሩት ነፃ የዲጂታል ካርታ) ላይ ሲሳል ድልድዩና ወንዙ የጋራ ነጥብ አይኖራቸውም፤ ሁለት መንገዶች በመስቀለኛ ሲገናኙ ግን የጋራ ነጥብ የግድ ያስፈልጋቸዋል፤ አለዚያ የመንገድ አመልካች መተግበሪያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው መታጠፍ እንደማይቻል ይቆጥሩታል።