ቴኳንዶ በ36 ዓመት፦ ዘግይቶ ለሚጀምር ሰው

ልጄን ቴኳንዶ አስመዝግቤ ሦስት ወር ሙሉ በሩ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። አንድ ቀን ማስተሩ (አሠልጣኙ) መጣና "ከምትቀመጪ ለምን አትገቢም?" አለኝ። 36 ዓመቴ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛው ላይ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። በቀጣዩ ማክሰኞ ከልጆቹ ኋላ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ቆምኩ።

አሁን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። አረንጓዴ ቀበቶ ላይ ነኝ፤ ከነጭ ወደ ጥቁር በሚወስደው መንገድ መሃሉ ላይ። ይህን የምጽፈው መጀመር እየፈለጋችሁ "አሁንማ ዕድሜዬ አለፈ" ለምትሉ ሰዎች ነው። አላለፈም። ግን አካሄዳችን ከልጆቹ ይለያል። እኔ ያንን ባለማወቄ ሰባት ሳምንት ተጎድቼ ቤት ተቀምጫለሁ።

ክለብ ስትመርጡ

ሁለት ዓይነት ቴኳንዶ ታገኛላችሁ፤ አይቲኤፍ (ዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) እና ወርልድ ቴኳንዶ። ሁለቱም የየራሳቸው ደንብ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። አይቲኤፍ በ1966 የተመሠረተ ነው፤ ወርልድ በ1973 (ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር)። ኦሎምፒክ ላይ የምናየው ወርልድ ነው። የእኛው ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ በ58 ኪሎ የተወዳደረው በዚህ ነው። ወርልድ ውስጥ ፊት ላይ በቡጢ መምታት አይፈቀድም፤ እግር ይበዛል። አይቲኤፍ ውስጥ እጅም ፊት ላይ ይሠራል፤ ግን ጉልበት ሳይበዛበት። እኔ የምሠራው አይቲኤፍ ነው። የመረጥኩት አስቤበት አይደለም፤ ልጄ እዚያ ስለነበረ ብቻ ነው። ለጀማሪ ትልቅ ልዩነት የለውም። ከቤታችሁ ወይም ከሥራችሁ በእግር የሚደረስበትን ያዙ። ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ክለብ በክረምት ይቀራል።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ሙሉ ልምምድ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ጎበዞቹን ሳይሆን መጨረሻ መስመር ላይ ያለውን ሰው ተመልከቱ። ማስተሩ ወደ እሱ ይሄዳል? ያርመዋል? ሰውነት ለማሟሟቅ በቂ ጊዜ ይሰጣል? ሌላም ነገር እዩ። ሰውን ከኋላ ተጭኖ ስፕሊት (እግርን ከፍቶ እስከ መሬት መውረድ) የሚያስወርድ ካለ፣ እናንተ ላይ እንዳይደረግ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ለምን እንደምል እነግራችኋለሁ።

ልብሱን ለመግዛት አትቸኩሉ። የመጀመሪያውን ወር በቱታና በቲሸርት ሥሩ። ስትገዙም ትንሽ ረዘም ያለውን ውሰዱ፤ ጥጥ ከሆነ ሲታጠብ ያጥራል።

ደብተር

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ቀይ ደብተር ገዛሁ። የሥራ ጠባዬ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አላምንም። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ ፑሽ አፕ በሶፋ ጠርዝ 4። ቁጭ ብድግ 15። ገመድ ዝላይ ሳላቋርጥ 30 ሴኮንድ። ያን ቀን ስጽፈው አፍሬ ነበር። ዛሬ ከደብተሩ ሁሉ የምወደው ያ ገጽ ነው።

እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ሦስቱን ለክታችሁ ጻፉ። በየአራት ሳምንቱ ድገሙት። በየቀኑ አትለኩ፤ እንቅልፍ ያጣችሁበት ቀን ውጤቱን ያበላሽና ተስፋ ያስቆርጣችኋል።

ክለቡ ብቻውን አይበቃም። ማስተሩ ቴክኒክ ያስተምራል እንጂ ሃያ ዓመት የተቀመጠ ሰውነትን በሳምንት ሦስት ቀን አይቀይረውም። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ ቤት ውስጥ 25 ደቂቃ እሠራለሁ። ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ)፣ ከዚያ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ባት ካልጠነከረ ግን ዝላዩ ሁሉ ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። ፑሽ አፕ መሬት ላይ ካቃታችሁ ከግድግዳ ጀምሩ፤ ከዚያ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ሶፋ፣ ከዚያ መሬት። እኔ መሬት ለመድረስ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። አሁን 18 እሠራለሁ። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ጨምሩ፤ ያውም አንዱን እንቅስቃሴ እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደለም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እረፍት ነው። ዓርብ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ እሮጣለሁ። ስጀምር ሦስት ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከቆላ ለመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢከብዱት አይደንግጥ። ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር እያወራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ቀንሱ።

አንድ ነገር ለእናቶች። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፤ ገመድ ስዘል ሽንት ያመልጠኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዝላዩን በሰበብ እያለፍኩ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነገረችኝ፤ ከወሊድ በኋላ የተለመደ ነው፣ መፍትሔም አለው። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን አጥብቆ ጥቂት ሴኮንድ ይዞ መልቀቅ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እሠራው ነበር። ወራት ፈጀ፤ አሁን ሁለት ደቂቃ እዘላለሁ። በዚህ ምክንያት ስፖርት የተዉ ሴቶች አውቃለሁ። እባካችሁ አትተዉ፤ ባለሙያ ጠይቁ።

ሰባት ሳምንት

ሳይድ ኪኬ (ወደ ጎን በእግር የሚመታው ምት) ከጉልበት አያልፍም ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ራሴ ላይ ይደርሳል፤ እኔ ጉልበት። ሰውነቴ ስላልተፍታታ ነው ብዬ ደመደምኩ። በየቀኑ ስፕሊት ለመውረድ መታገል ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ልምምድ መጨረሻ ላይ አንድ የልምምድ ጓደኛዬን "ከኋላ ተጫነኝ" አልኩት። ተጫነኝ። ብሽሽቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲበጠስ ተሰማኝ። ልጄ እጄን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ።

ጎረቤት ሁሉ "ወጌሻ ጋ ሂጂ፣ ታሺ" አለኝ። ወጌሻዎችን አከብራለሁ፤ እናቴ ትከሻዋ ወልቆ የመለሰላት ወጌሻ ነው። ግን ገና የተቀደደ ጡንቻን አጥብቆ ማሸት ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ያቺው ባለሙያ ያዘዘችኝ ቀላል ነገር ነበር። ሕመሙ ጋብ ሲል በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ በሁለቱ ጉልበቶች መሃል የልጄን ኳስ ይዞ መጭመቅ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በየሳምንቱ ጠንከር እያደረጉ። ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ቁጭ ብድግ፣ በመጨረሻ ኪክ።

ከዚያ ወዲህ የማልለቀው ደንብ አለኝ። ከልምምድ በፊት እግርን ወደፊትና ወደ ጎን እያወዛወዙ ማሟሟቅ፤ ረጅሙን ማፍታታት ከልምምድ በኋላ፣ ሰውነት ትኩስ ሳለ፣ ሰው ሳይጫን። ጡንቻ ሲሳብ የሚሰማው ሰፋ ያለና ቀስ በቀስ የሚለቅ ነው። ሹል ሆኖ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ከሆነ ወዲያው አቁሙ።

የቆማችሁበት እግር

ስመለስ ማሟሟቂያ የሚያሠራን የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሰማያዊ ቀበቶ። ሁለት ሦስቴ አየኝና ጠጋ ብሎ በቀስታ "እትዬ፣ የቆሙበት እግር አልዞረም" አለኝ።

ወደ እግሬ አየሁ። እውነቱን ነው። ጣቶቼ ወደፊት ናቸው። ተረከዜን ወደ ዒላማው አዞርኩና መታሁ። እግሬ ወገብ ደረሰ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰውነት።

ወራት ሙሉ ስጫነው የነበረው የተሳሳተውን ቦታ ነው። የቆማችሁበት እግር ወደፊት ካየ ዳሌ ተቆልፎ ይቀራል፤ የቱንም ያህል ብትፍታቱ አይከፈትም። ተረከዙ ወደ ዒላማው ሲዞር ዳሌውም አብሮ ይገለበጣል፣ እግሩም መንገድ ያገኛል።

ስለዚህ ሳይድ ኪክን እንዲህ ተለማመዱት። ወንበር ወይም ግድግዳ ያዙ። በኮሪያኛ እንደምንቆጥረው ቁጠሩ። ሃና፦ ጉልበታችሁን ደረት ድረስ አንሡ። ዱል፦ የቆማችሁበትን እግር አዙሩ፣ ተረከዙ ወደ ዒላማው ይይ። ሴት፦ እግራችሁን ቀስ ብላችሁ ዘርጉ፣ በእግር ጠርዝ፣ ተረከዝ ወደፊት። ኔት፦ በመጣበት መንገድ ጉልበታችሁን መልሱ። ከዚያ በኋላ ብቻ መሬት አስቀምጡ። አራተኛውን አትዝለሉት። እግሩን ዘርግቶ እዚያው የሚጥል ሰው ሚዛኑ አልጸናም፤ በስፓሪንግም (ከሰው ጋር በሚደረገው የፍልሚያ ልምምድ) እግሩ በአየር ላይ እያለ ይመታል።

እኔ ይህን የምሠራው ወጥ ቤት ነው። ሽንኩርት እስኪቁላላ በእያንዳንዱ እግር አሥር አሥር፣ በግራ እጄ የመደርደሪያውን ጠርዝ ይዤ። ቀስ ብሎ። ፈጣን ኪክ ብዙ ስሕተት ይሸፍናል፤ ቀስ ያለው ግን የቱ ጡንቻ እንደደከመ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የዘረጋችሁትን እግር ወገብ ላይ ለአሥር ሴኮንድ መያዝ ሳትችሉ ራስ ላይ ለመድረስ አትሞክሩ።

ምግብና ጾም

የእኛ ልምምድ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም ከበድ ያለ ነገር አልበላም፤ በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ፣ ማታ ምስር ወይም ሽሮ። ቆሎ ከቦርሳዬ አይጠፋም። 55 ቀን ሥጋና እንቁላል ሳይበሉ ጉልበት መጨመር ይቻላል፤ ጥራጥሬው ብቻ በዛ ይበል። ከባድ ልምምድን ግን ውኃ እንኳ ሳይጠጡ አይጀምሩት።

ፓተርንና ስፓሪንግ

ፓተርን ማለት ብቻችንን በተወሰነ ቅደም ተከተል የምንሠራው የእንቅስቃሴ ሰንሰለት ነው። ለሁለተኛው የቀበቶ ፈተናዬ ቾን-ጂ የምትባለውን ፓተርን በደንብ አጥንቼ ነበር። 19 እንቅስቃሴ ናት። ክለባችን ውስጥ መስኮቱ ግራ፣ በሩ ቀኝ ነው፤ ሳላውቀው "ወደ መስኮቱ፣ ወደ በሩ" እያልኩ ነበር የምዞረው። ፈተናው ሌላ አዳራሽ ሆነ። መስኮቱ ከኋላዬ ነበር። ሦስተኛው ላይ ጠፋኝ፤ ከመጀመሪያው እንድጀምር ተፈቀደልኝና እየተንቀጠቀጥኩ ጨረስኩ። አሁን እያንዳንዱን ፓተርን በአራቱም ግድግዳ ፊት እሠራለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ። ከቀጣዩ ፓተርን፣ ከዳን-ጉን ጀምሮ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ስፓሪንግ ላይ ችግሬ ፍርሃት ነው። እግር ሲመጣ ዓይኔ ይጨፈን ነበር። ይህን የፈታልኝ ልጄ ነው። ካልሲ ጠቅልሎ ይወረውርብኛል፤ እኔ በእጄ እየከለከልኩ ቀለሙን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ቀለሙን ለመናገር ዓይን መከፈት አለበት። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ወር። እናንተም ስትጀምሩ ከጀማሪ ጋር አትግቡ፤ ጀማሪ ጉልበቱን መቆጣጠር አይችልም። ከፍ ያለ ቀበቶ ያለውን "ቀስ በልልኝ" ብላችሁ ለምኑ። የጥርስ መከላከያ ሳታደርጉ ደግሞ ፈጽሞ አትግቡ።

አሁን የምማረው ዎን-ህዮ የሚባለውን ፓተርን ነው፤ 28 እንቅስቃሴ። መሃሉ ላይ በአንድ እግር ቆሞ፣ ሌላውን አጥፎ አንሥቶ፣ እዚያው ጸንቶ፣ ከዚያ ሳይድ ኪክ የሚመታበት ቦታ አለ። በኋላም ይደገማል፣ በሁለቱም እግር። የዚህ ሳምንት ገጽ እንዲህ ይላል፦ ወገብ ላይ መያዝ፣ ቀኝ 11 ሴኮንድ፣ ግራ 7። ዛሬ ማታ ምስር ነው፤ ሽንኩርቱ እስኪደርስ ግራውን አሥራ አምስት ጊዜ እሠራለሁ።