ከኦምፕስ እስከ ለ ሶማይ፦ በካናል ዱ ሚዲ ላይ አንድ ቀን በጀልባ

ካናል ዱ ሚዲ በደቡብ ፈረንሳይ ከቱሉዝ ከተማ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ 240 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ፣ ፒየር ፖል ሪኬ በ1666 እ.ኤ.አ. የጀመረውና እርሱ ካረፈ በኋላ በ1681 ለጀልባ የተከፈተ ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ ነው። ጀልባ ለሳምንት ተከራይተው በዚህ ቦይ ላይ ለሚወጡ ሰዎች፣ ለመጀመሪያው ሙሉ ቀን ከኦምፕስ መንደር ወደ ምሥራቅ እስከ ለ ሶማይ ያለውን ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ እመርጣለሁ፤ አድካሚው ሥራ ሁሉ ጠዋት አልቆ ከሰዓት በኋላ መሪ ከመያዝ በቀር ሌላ ጣጣ የለውምና።

ለኪራይ ጀልባ መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። አከራዩ አጭር ሥልጠና ሰጥቶ ጊዜያዊ ካርድ ያስይዛል። በሥልጠናው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ጀልባን ማቆም ይለማመዱ፤ ጀልባ ፍሬን ስለሌለው የሚቆመው ማርሹን ወደ ኋላ በማስገባት ብቻ ነው፣ ያም ቢሆን በዝግታ።

የጠዋቱ ሥራ ኤክሉዝ ማለፍ ነው፤ ኤክሉዝ የሚባለው በሁለት በሮች መካከል ውሃ እየተሞላና እየተለቀቀ ጀልባን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር የድንጋይ ክፍል ነው። ጠባቂዎቹ በበጋው ወቅት ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረው ይሠሩና ለምሳ አንድ ሰዓት ያህል ይዘጋሉ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል የደረሰ ጀልባ ምሳው እስኪያልቅ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ ስለሌለው፣ የወቅቱን ሰዓት ከዋዜማው አረጋግጠው በጠዋት ይነሱ።

በዚህ አቅጣጫ ጀልባው የሚወርደው ቁልቁል ነው። ክፍሉ ሞልቶ ስለሚጠብቅና የጀልባው ወለል ከግንቡ ጫፍ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ገመድ ይዞ መውረድ አያስቸግርም። አረንጓዴ መብራት ወይም የጠባቂው ምልክት ሲታይ በዝግታ ይግቡ፤ ገመዱን በማሰሪያው ምሰሶ ላይ አዙረው ጫፉን መልሰው በእጅ ይያዙ እንጂ ፈጽሞ አይቋጥሩት። ውሃው እየወረደ ሳለ የተቋጠረ ገመድ ጀልባውን በግንቡ ላይ አንጠልጥሎ ሊገለብጠው ይችላል፤ ስለዚህ ገመዱ ከውሃው ጋር እኩል በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቅ። ሌላው አደጋ ከኋላ ነው፤ በላይኛው በር ሥር ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚል የድንጋይ ደፍ አለና የጀልባው ኋላ ከዚያ ይራቅ። ጀልባው ወደ ግንቡ ቢጠጋ በእጅ ወይም በእግር ለመግፋት መሞከር ጣት ያስቆርጣል። የክፍሎቹ ግንብ እንደ እንቁላል የተለጠጠው ለውበት አይደለም፤ ክብ ግንብ የአፈርን ግፊት ከቀጥተኛ ግንብ ይበልጥ ስለሚቋቋም ነው። ኦኞንና ፔሽሎሪዬ በተባሉት ኤክሉዞች ላይ ክፍሎቹ ጥንድ ስለሆኑ ሥራው ሁለት ጊዜ ይደገማል።

የአርዣንስ ኤክሉዝ ሲታለፍ 54 ኪሎ ሜትር ያለ አንዳች ኤክሉዝ የሚሄደው ረጅም ውሃ ይጀምራል። እዚህ ምሳ መብላትም ሆነ መሪውን ለልጆች በአዋቂ አጠገብ ማስያዝ ይቻላል። የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ የታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ግን ከዚያም ይቀንሱ፣ ማዕበሉ ካስማቸውን ይነቅላልና። ቀኝዎን ይዘው ይሂዱ፤ ድልድይ ሥር ሲደርሱ ግን ቅስቱ በጎንና በጎን ዝቅ ስለሚል መሐሉን ይያዙ። ከፓራዛ መንደር ቀጥሎ ቦዩ ራሱ በ1676 በተጠናቀቀው የሬፑድር ድልድይ ላይ ወንዝ ይሻገራል፤ ውሃ በውሃ ላይ ሲያልፍ ለማየት ከጀልባው ወርዶ ከታች መመልከት ይሻላል።

ኮፍያ አይርሱ። ቦዩን ያለብሱ የነበሩት 42,000 ያህል የፕላታን ዛፎች በ2006 በዚህ ቦይ ላይ በታወቀ ፈንገስ እየሞቱ በብዛት ስለተቆረጡ፣ ጥላው እንደ ድሮው አይደለም። በሽታው በገመድና በጀልባ ንክኪ ስለሚተላለፍ ዛፍ ላይ ማሰር ክልክል ነው።

ለ ሶማይ፣ ድሮ የመንገደኞች ጀልባ ያድርባት የነበረች፣ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ያላት ትንሽ መንደር ናት። ማሰሪያ ቦታው ከሞላ ከመንደሩ ትንሽ ራቅ ብለው የጀልባውን ሁለት ማሰሪያ ካስማዎች የላይኛው ጫፋቸው ከጀልባው እንዲሸሽ አጋድመው በመዶሻ ይምቷቸው። ዳሩን ተከትሎ ብስክሌተኞች ስለሚያልፉ ገመዱ መንገዱን አያቋርጥ፤ እንዲታይም ካስማው ላይ ነጭ ጨርቅ ያስሩበት።