የሆቴሉን አረንጓዴ ምልክት ከማመናችሁ በፊት

በባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ሆቴል ስትይዙ፣ ሆቴሉ አካባቢን እንደሚጠብቅ ለማሳየት ቅጠል ወይም ማዕበል የተሳለበት ምልክት ለጥፎ ካያችሁ፣ መጀመሪያ የሰጪውን ድርጅት ስም ፈልጉ። ስም ከሌለው ሆቴሉ ራሱ ያሠራው ሊሆን ይችላል። ስም ካለው ደግሞ በሰጪው ድረ ገጽ ላይ የሆቴሉን ስምና ምልክቱ የሚያበቃበትን ቀን አመሳክሩ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላም ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብሉ ፍላግ (ሰማያዊ ባንዲራ) በሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ምልክት ነው። የሚሰጠው ለመዋኛ ዳርቻ፣ ለጀልባ ማቆሚያና ለቱሪስት ጀልባ እንጂ ለሆቴል አይደለም። «ብሉ ፍላግ ካለው ዳርቻ ፊት ለፊት ነን» የሚል ሆቴል ስለ ራሱ ፍሳሽና ቆሻሻ ምንም አልነገራችሁም። ለሆቴል የሚሰጠው እህቱ፣ ማለትም የዚያው ድርጅት ሌላ ምልክት የሆነው ግሪን ኪይ ነው።

ብሉ ፍላግ የሚያገለግለው ለአንድ ወቅት ብቻ ስለሆነ የዘንድሮውን ዝርዝር እዩ። በመዋኛ ወቅት ቢያንስ 5 የውኃ ናሙና ይወሰዳል፤ በናሙናዎቹ መካከል ከ31 ቀን በላይ ማለፍ የለበትም። ውጤቱ ዳርቻው ላይ ባለው ሰሌዳ ይለጠፋልና የመጨረሻውን ቀን አንብቡ። ከባድ ዝናብ ከጣለ ግን በቆየ ውጤት አትተማመኑ፤ ጎርፉ የከተማውን ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ይዞ ሊገባ ይችላል።