ዕጩ የሳይንስ መምህራንን ላብራቶሪ ስናስገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የሳይንስ መምህር የሚሆን ሰው ላብራቶሪ ገብቶ በእጁ ምርምር ይሥራ ሲባል የሚቃወም የለም። የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው።

መልሱ የታወቀ ጥያቄ መስጠት። የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው። ኮሌጅ ሳለን አዲስ አበባ ላይ ውኃ አፈላን። ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ። ውኃው ይንተከተካል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ከጎኔ የነበረው ልጅ ቴርሞሜትሩን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ወይ ፍንክች። ከዚያ ሁላችንም ሪፖርታችን ላይ 100 ብለን ጻፍን። በተማሪ ቋንቋ፣ ዳታውን «ኩክ» አደረግነው። ሙሉ ማርክም አገኘንበት።

ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃው ቀድሞ ይፈላል። «ለምን 92 ሆነ?» የሚለን ሰው ቢኖር ኖሮ የሁለት ሳምንት ምርምር እጃችን ላይ ነበር። እንጦጦ ወጥቶ ማፍላት፣ አዳማ ወርዶ ማፍላት፣ ቴርሞሜትሩንም በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከትቶ ዜሮ ማሳየቱን መፈተሽ።

ዕጩውን ተላላኪ ማድረግ። የአንድ ተመራማሪ ፕሮጀክት ላይ ይመደብና ክረምቱን ብልቃጥ ሲያጥብ ይከርማል። ጥያቄው ከየት እንደመጣ፣ የትናንቱ ናሙና ለምን እንደተጣለ የሚነግረው የለም። ሰርተፍኬት ግን ይሰጠዋል።

«ዕቃ ይምጣና» እያሉ መጠበቅ። ብዙ ቦታ ዕቃ የለም፣ እውነት ነው። (አንዳንድ ቦታ ደግሞ አለ፤ እንዳይሰበር ተብሎ በካርቶኑ ተቆልፎበታል።) ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ የጀመሩት ከማየት ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የመግደል ምርምራቸው ከዚያ ተነሣ። ለዕጩ መምህር ደግሞ የጤፍ ሊጥና የፒኤች ወረቀት (ኮምጣጣነትን በቀለም የሚያሳይ ወረቀት) ይበቃዋል፦ እርሾው ሲበዛ ሊጡ ምን ያህል ቀድሞ ይኮመጥጣል?

ደብተር በንጹሕ ማስገልበጥ። የተሳሳተው ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ እየተነበበ ይቆይ። ነገ የሚያስፈልገው እሱ ሊሆን ይችላል።

ምርምሩን ከክፍሉ መነጠል። ዕጩው ላብራቶሪ ውስጥ ከርሞ ሲወጣ የሚጠብቀው 60 ተማሪ፣ ጠመኔና 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሠራውን ወደ አንድ ክፍለ ጊዜ አሳጥሮ፣ ጓደኞቹ ፊት አስተምሮ ይውጣ። እኔ ይሄን የሚያሠራኝ አላገኘሁም፤ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው ያቺን ውኃ በቡታ ጋዝ ክፍል ውስጥ ያፈላኋት። አስቀድሜ አስገመትኳቸው፣ ሁሉም 100 አሉ። 92 ላይ ስትቆም ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፦

«ቲቸር፣ ታዲያ ፈተና ላይ ስንት እንበል?»