ስለ ዩኒቨርስ ስፋትና ብዛት ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

“ዩኒቨርስ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ ሰው ምንም አይደለም።” ስለ ሕዋ ባስረዳሁ ቁጥር እንዲህ የሚል አይጠፋም። ብዙዎች እንደ ጥበብ ነው የሚናገሩት። ስህተት ነው፤ እንደዚህ የሚያናድደኝ ስህተትም የለም። ወጣቶችን ያለ ምክንያት ተስፋ ያስቆርጣል። ሳይንሱን ያየ ሰው ደግሞ እንዲህ አይልም።

ሰውነታችን ካርቦን፣ ኦክስጅንና ብረት ይፈልጋል። ከዩኒቨርስ ጅማሬ፣ ከቢግ ባንግ፣ የተገኘው ግን ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው ማለት ይቻላል። የቀረውን ከዋክብት በውስጣቸው አብስለው፣ ሲሞቱ በትነውልናል። ከዚያ ብናኝ ፀሐይና ምድር የተሠሩት ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ሕይወት የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ዩኒቨርስ መስፋቱን አላቆመም። ስለዚህ ሰው የሚኖርበት ዩኒቨርስ የግድ ያረጀ ነው፤ ካረጀ ደግሞ የግድ ሰፍቷል። ትንሽ ቢሆን ኖሮ ገና ለጋ ነበር፤ እኛም አንኖርም ነበር። ስፋቱ የመኖራችን ዋጋ ነው እንጂ የከንቱነታችን ማስረጃ አይደለም።

ጋላክሲን፣ ማለትም ግዙፍ የከዋክብት ስብስብን፣ ከዩኒቨርስ ጋር ማምታታት። ለጀማሪ ይቅር የሚባል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ሻፕሊና ከርቲስ የተባሉ ሊቃውንት እንኳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ሌሎች ጋላክሲዎች አሉ ወይ ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩን የቋጨው በ1923 የሥነ ፈለክ ሊቁ ሀብል አንድሮሜዳ ውስጥ ያገኘው ኮከብ ነው፤ ርቀቱ አንድሮሜዳ ራሷን የቻለች ሌላ ጋላክሲ መሆኗን አሳየ።

93 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) የሚባለውን የዩኒቨርስ ጠቅላላ ስፋት ማድረግ። ይህ ብርሃኑ የደረሰን ክፍል ስፋት ብቻ ነው።

“ብዙ ዩኒቨርስ መኖሩ ተረጋግጧል” ማለት። አልተረጋገጠም። በዚያ ላይ ሁለት ሐሳቦች ይደባለቃሉ። አንዱ የፊዚክስ ሊቁ ኤቨሬት በ1957 ከኳንተም ፊዚክስ፣ ከጥቃቅን ቅንጣቶች ሳይንስ፣ ያወጣው ነው፤ ዓለም ወደ ብዙ ዓለማት ትለያያለች ይላል። ሌላው ሕዋ በመጀመሪያዋ ቅጽበት በከፍተኛ ፍጥነት ሰፍታለች ከሚለው ሐሳብ የመጣ ነው። ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ ለዩዋቸው።

የዩኒቨርሶች ብዛት በእውነት የሚያገባን አንድ ቦታ አለ። ሕዋን የሚለጥጠው ኃይል ቢበረታ ኖሮ ጋላክሲዎች አይሰበሰቡም ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ዋይንበርግ በ1987 እንዳሰላው፣ ዩኒቨርሶች ብዙ ከሆኑና ኃይሉ ከአንዱ አንዱ የሚለያይ ከሆነ፣ እኛ የምንገኘው ኃይሉ ደካማ በሆነበት ብቻ ነው። በ1998 መስፋፋቱ እየፈጠነ መሆኑ ሲታወቅ፣ ኃይሉ በጣም ትንሽ፣ ግን ዜሮ ያልሆነ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማረጋገጫ አይደለም። ሆኖም “ዓለም ለምን ተመቸችን?” ለሚለው ጥያቄ የዩኒቨርሶች ቁጥር ለውጥ ያመጣል።

ሰባቱን ሰማያት ከዚህ ጋር ማገናኘትም በዝቷል። ኢዮር፣ ራማና ኤረር የእምነት ነገር ናቸው። ነገ የብዙ ዩኒቨርስ መላምት ቢወድቅ እምነትህን ምን ልታደርገው ነው?

በመጨረሻ ደግሞ “በሌላ ዩኒቨርስ አልፌያለሁ” የሚሉ ፈተና የወደቁ ልጆች አሉ። ያሳዝኑኛል። በኤቨሬት ሐሳብ ራሱ፣ ዓለማቱ አንዴ ከተለያዩ በኋላ መልእክት አይለዋወጡም። እዚያ ያለፈው ልጅ ውጤቱን አይልክልህም። የወደቅክበት ትምህርት እዚህ ነው ያለው፤ የሚያስጠናህ ሰውም እዚሁ ነው የሚገኘው።